ማነው የመታህ?

ከትምህርት ቤት ተደውሎ «ልጁ ተመትቶ ጥርሱ ወልቋል» ሲባል፣ አብዛኞቻችን «ማነው የመታው?» እንላለን። የሚቀድመው ግን «ጥርሱ የት አለ?» ነው።

የወተት ጥርስ ከሆነ ወደ ቦታው አይመለስም። ቋሚው ጥርስ ግን ሊተርፍ ይችላል። ሥሩን ሳይነኩ ነጩን ጫፍ ይዞ፣ ሳይፈትጉ፣ ወተት ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከቶ ወደ ጥርስ ሐኪም መሮጥ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢደረስ ይመረጣል። ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚያስመልሰው ወይም የሚፈዝ ልጅም «ተኝቶ ይነሳል» አይባልም፤ ሆስፒታል ነው።

ጠቡ ከዚያ ይደርሳል። የመቺውን ልጅ በር ላይ ጠብቀው ጆሮውን የሚቆነጥጡ፣ እናቱን በሰፈር የሚያሳጡ አሉ። እኔ የምመርጠው የርእሰ መምህሩን ቢሮ ነው፦ የሐኪም ማስረጃ ይዞ፣ የት፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ማን እያየ የሚለውን በጽሑፍ ማስያዝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ባለበት ሰዓት ግን፣ አንቀጽ 2125 እንደሚለው፣ በአባት ፋንታ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ይጠየቃል። «ምን እናድርግ፣ ልጆች ናቸው» የሚል ዳይሬክተር ይህችን አንቀጽ ገልጦ ቢያያት ደግ ነበር።

«ግረፉልኝ» ማለትም አያዋጣም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤት አካላዊ ቅጣትን ከልክሏል። የመቺው ወላጅ ይጠራ፤ ስለ ሕክምናው ወጪ ፊት ለፊት ተነጋገሩ። የተመታው ልጅ ሲመለስ ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥም ከሆም ሩም መምህሩ ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ።