የነጋበት እንግዳ፦ በሌሊት አውቶቡስ ወደ አዲስ ከተማ ስለ መድረስ



የዛሬው ርእሴ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። የጉዞ ጽሑፍን ወይም የመስክ ጥናትን ያነበበ ሰው ግን የመድረስ ትዕይንት በዘርፉ ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያውቃል። ብሮኒስላው ማሊኖውስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 ስለ ትሮብሪያንድ ደሴቶች ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ አንባቢውን ከባሕር ዳርቻ ብቻውን ያቆመዋል። ሜሪ ሉዊዝ ፕራት ደግሞ በ1986 ይህ ትዕይንት ከቀደሙት የጉዞ መጻሕፍት የተወረሰ ልማድ መሆኑን አሳየች፤ በ1992 ባወጣችው መጽሐፍም ከኮረብታ ላይ ቆሞ አገሩን ቁልቁል የሚቃኘው ተጓዥ ራሱን ባየው ሁሉ ላይ እንደሚያነግሥ ተነተነች። በእነዚህ ሁሉ ደራሹ ተመልካች ነው። እኔ የምከራከረው ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ ጎሕ ሳይቀድ ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው ከማየቱ በፊት የሚታይ መሆኑን ነው።

ምሳሌዬ ከኢስታንቡል ወደ ነቭሸሂር ያደረግሁት ጉዞ ነው። ሁለቱን ከተሞች የሚለያያቸው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በቱርክ የሌሊት አውቶቡስ የራሱ ወግ አለው። ቲኬት ሲቆረጥ የተሳፋሪው ጾታ ይጠየቃል፤ የማይተዋወቁ ወንድና ሴት ጎን ለጎን እንዳይቀመጡ ወንበሩ የሚደለደለው በዚያ ነው። ረዳቱ ሻይና ብስኩት ያዞራል፤ ሎሚ ሎሚ የሚሸት ኮሎኝም በየተሳፋሪው መዳፍ ላይ ጠብ ያደርጋል። ከማዕድ በፊት የሚያስታጥቡ የቤታችን ልጆች ትዝ አሉኝ። ኢሰንለር ከተባለው ሰፊ መናኸሪያ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተነሣን።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ በአንድ ኬላ ቆምን፤ የሁላችንም መታወቂያ ተሰበሰበ። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት አውሮፓውያን ወጣቶች ከእኔው ጋር የሚመሳሰል ሻንጣ ነበራቸው። የእነርሱ ፓስፖርት ወዲያው ተመለሰ። የእኔ ቆየ፤ ከየት እንደመጣሁ፣ ወዴት እንደምሄድ፣ መመለሻ ቲኬት እንዳለኝ ተጠየቅሁ። ጠያቂው ጨዋ ሰው ነበር፤ ነገሩን የማነሣው ለአቤቱታ አይደለም። ቱርክ ወደ አውሮፓ ለመሻገር የሚሞክሩ ብዙ ስደተኞች መተላለፊያ ስለሆነች የጥያቄው ምንጭ አይጠፋኝም። ልብ እንድትሉልኝ የምሻው አንድ ዓይነት ዕቃ ሁለት ዓይነት ንባብ ማግኘቱን ነው። በእነርሱ ጀርባ ላይ ሻንጣው የሽርሽር ምልክት ሆኖ ተነበበ፤ በእኔ ጀርባ ላይ የስደት። ሻንጣ አዝሎ ስለ መዞር ነጻነት የሚያወሩትን መጻሕፍት ሳነብ፣ ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው ይህን ጥያቄ ተጠይቀው የማያውቁ ሰዎች መሆናቸው ከየገጹ ይታወቀኛል። ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ወደ መስክ የሚወጡ ተማሪዎቼ በምን እንደደረሱ፣ በስንት ሰዓት እንደደረሱና መጀመሪያ ማን እንዳያቸው በመግቢያቸው እንዲጽፉ አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ወደ ቋንቋችን ልመለስ። በእኛ ሀገር የረጅም ርቀት አውቶቡስ ለብዙ ዘመን ማልዶ የሚነሣ፣ ሲመሽም የሚያድር ነበር፤ መንገዱ ሁለት ቀን ከፈጀ ተሳፋሪው በመካከል ባለ ከተማ አልጋ ይዞ ያድራል። ከአውቶቡስም በፊት የነበረው እግረኛ እንዲሁ ነበር። «የመሸበት እንግዳ» ስንል በሐረጉ ውስጥ አንድ መብት አለ፤ መሽቶበት ደጅ የቆመ መንገደኛ አሳድሩኝ ማለት ይችላል፣ ባለቤቱም ማሳደር ይገባዋል። «የነጋበት እንግዳ» ግን አንልም። በቋንቋችን የሚነጋበት ጅብ ነው፤ ብርሃን ደርሶበት መሸሸጊያ ያጣ፣ ሁሉ የሚያየው። የሌሊት አውቶቡስ ተጓዥም ከጅቡ ብዙ አይርቅም። የአንድ ሌሊት የአልጋ ኪራይ አትርፏል፤ ነገር ግን ሌሊቱ አልፏልና አሳድሩኝ የሚልበት ነገር የለውም። የሆቴሉ ክፍል የሚሰጠው ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከዚያ ድረስ ያሉት ስምንት ሰዓታት ባለቤት የላቸውም።

ነቭሸሂር በስሟ «አዲስ ከተማ» ማለት ናት። ቀድሞ ሙሽካራ ትባል ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዘመን ከመንደርነት ወደ ከተማነት ያሳደጋት በዚያው የተወለደው የኦቶማኖች ታላቅ ሹም ዳማት ኢብራሂም ፓሻ ነው። (ስለ አካባቢው የዓለት አብያተ ክርስቲያናትና ስለ ላሊበላ ንጽጽር እንደምትጠብቁ አውቃለሁ፤ እርሱ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል፤ ዛሬ ከመናኸሪያው አልወጣም።) የደረስነው በጥቅምት ወር፣ ገና ሳይነጋ ነበር። እኔ ያየሁት መብራትና አስፋልት ብቻ ነው። እኔን ያዩኝ ግን ብዙ ነበሩ፦ ወለል የምትጠርግ ሴት፣ ሲሚት የተባለውን ክብ ዳቦ የሚደረድር ልጅ፣ ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች፣ ሻይ ቀጂው።

ፀሐይ ስትወጣ በጎረሜ በኩል ሰው የጫኑ ፊኛዎች ከሰማዩ ላይ ታዩ። የሚነሡት በንጋት ነው፤ ነፋሱ የሚረጋው ያን ጊዜ ነውና። በቅርጫቶቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ፕራት የተነተነችውን የቁልቁል እይታ በገንዘብ የገዙ ናቸው። እይታው ሐሰት ነው አልልም፤ እሳተ ገሞራ ያነጠፈውን፣ ዝናብና ነፋስ የፈለፈሉትን ያን ምድር ከላይ ማየት ብዙ ያስተምራል። የምትጠርገዋን ሴት ግን ከዚያ ማየት አይቻልም።

ሻይ ቀጂው ሻንጣዬን ሳልለምነው ከባንኮኒው ኋላ አስቀመጠልኝ። በመካከላችን የነበረው የጋራ ቃል «ሻይ» ብቻ ነው፤ በቱርክኛ «ቻይ» ይሉታል። ብርጭቆውን ካቀረበልኝ በኋላ በእጁ ምልክት እየታገዘ የኬላውን ሁለት ጥያቄዎች ጠየቀኝ፦ ከየት መጣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ? መለስኩለት። ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳልኝ፤ ስነሣ የሁለቱንም ሒሳብ ተቀበለኝ።