ጀርኪ፦ መንገጫገጭ በእንግሊዝኛ

የዛሬዋ የእንግሊዝኛ ቃላችን ጀርኪ ናት። አዎ፣ ጀርኪ።

መኪና መንዳት ገና ከሚለማመድ ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ፍሪሲዮኑን በድንገት ሲለቀው መኪናው ዘሎ ይነሳል። ወዲያው ደግሞ ፍሬን ይይዛል፤ እናንተም ወደ ፊት ትወረወራላችሁ። እንዲህ ያለው አነዳድ ጀርኪ ነው። አስፋልቱ ምንም አላጠፋም።

እሺ፣ ሹፌሩ ጎበዝ ሆኖ መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ቢሆንስ? ያኔ መንገዱን ጀርኪ አንለውም፤ ባምፒ ነው የምንለው። ብዙ ተማሪ የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው። ተለማማጁ ፈርቶ ሄድ፣ ቆም፣ ደግሞ ሄድ ቢልስ? አነዳዱ ሆልቲንግ ይሆናል። ሆልቲንግ ለንግግርም ያገለግላል፤ እያመነታ፣ እየተደናቀፈ ለሚናገር ሰው። የተቆራረጠ እንቅልፍ ደግሞ ፊትፉል ይባላል። መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ስለደረደራቸው ብቻ አንዱን በሌላው አትተኩ።

በነገራችን ላይ፣ ጀርኪ የሚል የሥጋ እሽግ ብታዩ አትደናገሩ። እሱ የአሜሪካኖች ቋንጣ ነው። ስሙ ከደቡብ አሜሪካው የኬችዋ ቋንቋ የመጣ ነው፤ ከመንገጫገጭ ጋር ዝምድና የለውም።