ስም በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስለሚይዘው ስፍራ

በጉለሌ ለመምህራንና ለሀገር ሽማግሎች የተነገረ



ዛሬ ልናገረው የተነሣሁበት ነገር ታናሽ ይመስላል። ነገር ግን ልጆቻችን 9ኛ ክፍል ሲደርሱ የሒሳቡም የፊዚክሱም የታሪኩም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ሆነ፤ ይህን ታናሽ ነገር ያልተረዳ ተማሪ ትምህርቱን እያወቀ ጥያቄውን በመሳት ይወድቃል። ነገሩም፤ ስም በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሥራው በምን ይታወቃል የሚል ነው።

ስም የሰው፤ የስፍራና የነገር መጠሪያ መሆኑን ልጆቹ ሁሉ በቃላቸው ይሉታል። ይህ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። ሰውን በመጠሪያው ማወቅ ሌላ፤ በሥራው ማወቅ ሌላ እንደ ሆነ፤ ስምም እንዲሁ ነው። ያው አንዱ ስም በአንድ ንግግር ባለቤት፤ በሌላው ተሳቢ ሆኖ ይገኛል።

እኛ ከእንጦጦ ተራራ በታች የምንኖር ሰዎች የጅብን ድምፅ እናውቃለንና ምሳሌውን ከዚያ ልውሰድ። «ጅቡ ውሻውን ገደለ» ብንል ወይም «ውሻውን ጅቡ ገደለ» ብንል ነገሩ አንድ ነው፤ የሞተው ውሻው ነው። ይህን የምታስታውቀን በተሳቢው መጨረሻ የገባችው «ን» ናት። ግዕዝ የተማራችሁ አባቶችም «ቀተለ ዝእብ ከልበ» ስትሉ፤ «ከልብ» የነበረው ስም መድረሻው ከሳድስ ወደ ግዕዝ ተለውጦ «ከልበ» በመሆኑ ተሳቢነቱን ታውቃላችሁ። «ከልበ ቀተለ ዝእብ» ቢባልም ትርጓሜው አይናወጥም። ስሙ ምልክቱን ይዞ ስለሚሄድ ስፍራውን ቢለውጥ ሥራው አይጠፋም።

እንግሊዝኛም ከ1000 ዓመት በፊት በስሞቹ መጨረሻ እንዲህ ያለ ምልክት ነበረው፤ በዘመን ብዛት ግን አብዛኛው ረግፎ ቀረ። የምልክቱን ሥራ ስፍራ ተረከበው። «ዘ ሃይና ኪልድ ዘ ዶግ» ቢባል ገዳዩ ጅቡ ነው። ስሞቹን አለዋውጠን «ዘ ዶግ ኪልድ ዘ ሃይና» ብንል፤ አንድ ፊደል ሳይጨመርና ሳይቀነስ ገዳዩ ውሻው ሆነ። የእኛ ልጅ ግሥን በመጨረሻ መስማት የለመደ ነውና፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እያወቀ ማን ማንን እንደ ገደለ ግራ ይገባዋል።

እንግዲህ መምህር የሚያስጠናቸው ዋና ዋና ስፍራዎች አምስት ናቸው።

1ኛ፤ ከግሡ በፊት የሚቀመጠው ስም ባለቤት ነው።

2ኛ፤ ድርጊት ከሚናገር ግሥ በኋላ የሚቀመጠው ተሳቢ ነው።

3ኛ፤ «ነው» ማለት ከሆነው «ኢዝ» በኋላ የሚመጣው ስም ግን ተሳቢ አይደለም፤ ባለቤቱን ይገልጣል። «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ዊቨር» ማለት «አባቴ ሸማኔ ነው» ማለት ነው። አባትና ሸማኔ አንድ ሰው ናቸው።

4ኛ፤ ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጣ ስም አለ። እኛ «ከገበያው» ስንል «ከ» በስሙ ላይ ተጣብቃ ነው፤ እነርሱ ግን «ፍሮም ዘ ማርኬት» ብለው ለይተው ያስቀምጧታል።

5ኛ፤ በሌላ ስም ፊት ቆሞ እንደ ቅጽል የሚያገለግል ስም አለ። «ሚልክ ካው» የወተት ላም ነው፤ «ካው ሚልክ» ግን የላም ወተት ነው። ዋናው ስም ምንጊዜም የኋለኛው ነው።

አንድ ወጥመድም አለ። «ዘ ዶግ ወዝ ኪልድ ባይ ዘ ሃይና» ቢባል፤ ውሻው ከግሡ በፊት ቢቀመጥም የሞተው እርሱ ነው፤ «ውሻው በጅቡ ተገደለ» ማለት ነውና። ስለዚህ ልጁ የስሙን ስፍራ ካየ በኋላ ግሡ «ገደለ» ወይስ «ተገደለ» እንደሚል ይመርምር።

ይህን ለማስተማር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሦስት ወረቀት ወስዳችሁ በአንዱ ጅብ፤ በአንዱ ገደለ፤ በአንዱ ውሻ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ሦስት ልጆችም ይዘው በሰልፍ ይቁሙ። ከዚያ ዳርና ዳር የቆሙትን ሁለቱን አለዋውጡና የሞተው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። ልጆቹ ይሥቃሉ፤ የሣቁበትንም አይረሱም።

ከጥንት ጀምሮ በሀገራችን የውጭ ቋንቋ ትምህርት ነበረ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ደግሞ እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶቻችን በረታ። ዘመኑ ረጅም ሲሆን፤ ዛሬም ብዙ ልጅ ቃል እየሸመደደ የቃሉን ስፍራ ሳይማር ያልፋል። ጥፋቱ የልጁ ስንፍና አይደለም፤ የራሱን ቋንቋ ሥርዓት ከባዕዱ ጋራ አስተያይቶ ያሳየው ስለ ሌለ ነው።

አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፤ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ነገ ልጆቻችን የፈተና ጥያቄ ብቻ ሳይሆን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ይቀርብላቸዋል። ከፋዩ ማን፤ ተከፋዩ ማን እንደ ሆነ ለይተው እንዲፈርሙ፤ አማርኛውንና ግዕዙን መሠረት አድርገን ከዛሬ ጀምረን እናስተምራቸው።