ሳይቃጠል በቅጠል
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ስለ ጤና የቀረበ ንግግር)




በዚህ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ ብዙ ተነግሯል። ይሁንና እህሉ ጎተራ የሚገባው ገበሬው ጤነኛ ሲሆን ነው። ስለዚህ ስለ ጤና ጥቂት መነጋገር ተገቢ ነው።

ወባ ባለባቸው አካባቢዎች በሽታው የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ይህ ደግሞ እህል የሚደርስበት ወቅት ነው። አንድ አባወራ በዚህ ጊዜ ትኩሳት ሲይዘው «ይለቀኛል» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛል። በሦስተኛው ቀን ከገበያ ኪኒን ይገዛለታል። በሳምንቱ ራሱን ስቶ በቃሬዛ ይወጣል። ጎረቤት ሥራ ይፈታል፤ ለመኪናና ለከተማ ሕክምና በሬ ይሸጣል፤ የደረሰው ማሽላ የወፍ ሲሳይ ይሆናል።

ይኸው አባወራ ትኩሳቱ በጀመረው በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ቢሄድ ኖሮ፣ ከጣቱ በምትወሰድ ጠብታ ደም ወባ መሆን አለመሆኑ በደቂቃዎች ይታወቅለት ነበር። በሬውም በረቱ፣ ማሽላውም ጎተራው ይገኝ ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲመደቡ ታስቦ ነበር። መጀመሪያ ሥራቸው በአብዛኛው መከላከል ላይ ያተኮረ ነበር። በ2002 ዓ.ም. በተላለፈ ውሳኔ ግን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የሳንባ ምች በጤና ኬላ ማከም ተፈቀደላቸው። ልጅ ሲያስቀምጠው ኦ.አር.ኤስ. እና ዚንክ ይሰጣሉ። አንዱ የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ዚንኩም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እስከ 10 ቀን ይወሰዳል። የሚያስል ሕፃን ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጡት መጥባት ካቃተው ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ለማደር ቀጠሮ አይሰጠውም። ከጤና ኬላ በላይ የሆነው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ይላካል።

እርግጥ ነው፣ ጤና ኬላው ተዘግቶ የሚገኝበት፣ መድኃኒትም የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር በሩ ሊዘጋ ይችላል። መፍትሔው ግን ቤት መተኛት አይደለም። የትኛው ቀን እንደሚከፈት በቀበሌ ስብሰባ ጠይቆ ማወቅ፣ የጎደለውንም በአንድ ድምፅ ለወረዳው ማሳሰብ ነው። የማዳበሪያ መዘግየትን በጋራ የሚጠይቅ ማኅበር የመድኃኒት መጥፋትንም መጠየቅ አያቅተውም።

ሌላው ጉዳይ የገንዘብ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ በኋላ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። መዋጮው በቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ አባሉ ሲታመም በመጀመሪያ ውል ወደ ገባው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ የሚታከመው የሪፈር ወረቀት ይዞ ነው። ብዙ ሰው መታወቂያውን ሳያሳድስ የሚቀረው ገንዘብ ጠፍቶ ሳይሆን ገንዘቡ በእጁ ሳለ ስለሚዘነጋው ነው። እህል ተሽጦ የትርፍ ክፍፍል የሚከፈልበት ቀን መዋጮውን ለመለየት የተመቸ ቀን ነው። ሐምሌ ላይ ኪስ ሲደርቅ ማሰብ ዘግይቷል።

የተከበራችሁ አባላት፣

የዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት በመስከረም 1988 ዓ.ም. ያጸደቀው ሰባተኛው መርህ ለማኅበረሰቡ ማሰብ ነው። ይህ መርህ ከወረቀት ወርዶ የሚታየው፣ አባላት ከመሠረታዊ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሲወጡ የጤና መድን መታወቂያቸውን አሳድሰው ሲወጡ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም፤ ለትኩሳትም ነው።

መልካም በዓል!