መረሬ መሬት ላይ የሚቆፈር ሽንት ቤት

አቅራቢው፦ ቢቸና ዙሪያ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ለጤፍ የሚመሰገነውን ያህል ለሽንት ቤት ጉድጓድ አይመችም። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ፍሳሽ ማስረግ ያቆማል፤ በበጋ ይሰነጠቅና ፍሳሹ በስንጥቁ ወደ ታች ይሾልካል። ስለዚህ «ታቹን ክፍት ተዉት፣ መሬቱ ይመጠዋል» የሚለው ምክር እዚህ አያዋጣም። የሚበጀው ታቹና ጎኑ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ በግድግዳ ለሁለት የተከፈለ፣ የመምጠጫ ቱቦ የሚያስገባ ክዳን ያለው ሴፕቲክ ታንክ ነው።

አቅራቢዋ፦ ልክ ነህ። ግን የሰዉ ቅሬታም ተገቢ ነው፤ የተለሰነ ጉድጓድ ቶሎ ይሞላል፣ መምጠጫ መኪና ከሩቅ ማስመጣትም ኪስ ይጎዳል። ሌላ ጉድጓድ መቆፈር አይቀልም ወይ ይላሉ።

አቅራቢው፦ የት ይቆፈራል? የውሃ ጉድጓድ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ነው የተለመደው ምክር። 10 በ20 የሆነ ግቢ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 23 ሜትር አይሞላም። ሁለተኛው ጉድጓድ የጎረቤትን ውሃ መጠጋቱ አይቀርም። ታንኩ ቶሎ እንዳይሞላ የልብስና የዕቃ እጣቢ ለብቻው ይውጣ።

አቅራቢዋ፦ እንግዲያው ሸክሙ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይውደቅ። ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ባሕር ዳር በሚወስደው አንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ አንድ መኪና በጋራ ገዝተው በተራ ያሰማሩት፣ ክፍያውም ከውሃ ሂሳብ ጋር በየወሩ ትንሽ በትንሹ ይሰብሰብ። ከመኪናው በፊት ግን ከወንዝና ከምንጭ የራቀ፣ የታጠረ የዝቃጭ ማድረቂያ ቦታ ይዘጋጅ፤ ያለዚያ ከግቢ የወጣው ቆሻሻ የታችኛው ገበሬ ከብቱን ወደሚያጠጣበት ወንዝ ይደፋል።