የቲሙ ሕፃንና የሌሊት እንቅልፉ
(በተበላ ከተማ ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)

  

ስንሰበሰብ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ደብተር፣ ስለ ልብስና ስለ ቀለብ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሌሊቱ እንነጋገር። ቀን ሲጫወት የዋለ የቲም ሐዘኑ የሚቀሰቀሰው ብዙ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ነውና።

በቅድሚያ የራሳችንን ስሕተት እንናገር። እናቱ የሞተችበት አንድ የሦስት ዓመት ልጅ አክስቱ ዘንድ እንደ ገባ ፍራሽና ብርድ ልብስ አደረስንለት፤ «ከአሁኑ ለብቻው መተኛት ይልመድ» ብለንም መከርን። አክስቱ ምክራችንን አክብራ በጓዳ አስተኛችው። ልጁ ግን ሌሊት እየጮኸ ይነቃ፣ ቀን ደግሞ የአክስቱን ቀሚስ አልለቅም ይል ጀመር። ቆይተን ስንጠይቅ፣ በለቅሶው ሰሞን ጎረቤቱ ሁሉ «እናትህ ተኝታለች» ይለው እንደ ነበር ተረዳን። እናቱ ተኝታ አልተመለሰችም፤ እርሱም ተኝቶ እንዳይቀር፣ አክስቱም ተኝታ እንዳትቀርበት ፈራ። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ የእኛ ችኮላና የአዋቂዎች አነጋገር ነበር።

ስለዚህ ሞትን «እንቅልፍ» ብላችሁ ለሕፃን አትንገሩ። ከእናቱ አፍ በለመደው ቋንቋ፣ በወላይትኛም ይሁን በአማርኛ፣ እናቱ መሞቷንና እንደማትመለስ፣ እናንተ ግን ሲነቃ ከአጠገቡ እንደምትገኙ በለሰለሰ ቃል ንገሩት። ዝም ለማሰኘትም «ጅብ መጣ» አትበሉት። በፍርሃት ዝም ያለ ልጅ እንቅልፍ አገኘ ማለት አይደለም።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦውልቢ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤተሰብ ስላጡ ሕፃናት አጥንቶ በ1951 እ.ኤ.አ. ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሕፃን ከእናቱ ወይም እናቱን ከሚተካ ቋሚ ሰው ጋር የማይቋረጥ ቅርበት እንደሚያስፈልገው አስረድቷል። ብቻውን መተኛት የሚችለው፣ ቢጠራ የሚመጣለት ሰው እንዳለ ያረጋገጠ ልጅ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላት ላይ ሳሉ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ አዝነው ሶላታቸውን ያሳጥሩ ነበር። ለሚያለቅስ ሕፃን መድረስ ማሞላቀቅ አይደለም።

ጡት ያልደረሰለት ጨቅላ ሌሊት የሚነቃው ርቦት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሌሊቱን ሙሉ እንዲተኛ አይጠበቅበትም። ከአሳዳጊው መኝታ አጠገብ በራሱ ቦታ፣ በማይሰረጉድ ፍራሽ ላይ፣ በጀርባው ይተኛ። ትራስ ወይም ፊቱን የሚሸፍን ጋቢ አይደረግበት፤ በትልልቅ ልጆች መካከልም አይተኛ። ከምድጃና ከኩራዝም ይራቅ።

ከፍ ያለውን ልጅ ለማስለመድ ትዕግሥትና ሥርዓት ይበቃል። በየምሽቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቅደም ተከተል ይከናወን፤ እራት ይብላ፣ እግሩን ይታጠብ፣ ሽንቱን ይሽና፣ ከዚያም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመኝታ በፊት ያደርጉ እንደ ነበረው ኢኽላስን፣ ፈለቅንና ናስን ቅሩለት። እንቅልፍ ሳይወስደው አስተኙት፤ እጃችሁን ደረቱ ላይ አኑራችሁ ከአጠገቡ ተቀመጡ። ከቀናት በኋላ እጃችሁን አንሡ፤ ቀጥሎም ጥቂት ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ቢነቃ ሂዱለት፤ በዝቅተኛ ድምፅ አረጋግታችሁ እዚያው ቦታው ላይ አስተኙት። ቢታመም ወይም አዲስ ሐዘን ቢመጣ ወደ ኋላ መመለስ ነውር የለውም። እኅትና ወንድም ካሉትም አትለያዩአቸው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ የልጆች መኝታ እንዲለይ የታዘዘው በአሥር ዓመት መሆኑን አስታውሱ፤ የሦስት ዓመቱን ልጅ የሚያጣድፍ ነገር የለም።

የእንቅልፉም መጠን ይታሰብ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የቀኑ እንቅልፍ ተጨምሮ፣ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለው ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። እስከ እኩለ ሌሊት የሚላላክ ሕፃን ይህን አያገኝም።

በመጨረሻ፣ እኛ የሁምቦ ወረዳ ሰዎች ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። አገራችን ወባ ያለበት ነው፤ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትናከሰውም በአብዛኛው በሌሊት ነው። በቤቱ ያለው አጎበር አንድ ብቻ ከሆነ፣ ልጁን በተለየ መኝታ ማስተኛት ከአጎበር ማውጣት ነው። ሁለተኛ አጎበር እስኪገኝ ድረስ አብሮ መተኛቱ ይሻላል። እኛም ከእንግዲህ ፍራሽ ስንሰጥ አጎበር መኖሩን ሳንጠይቅ እንዳንመለስ ቃል እንገባለን።

ያ ልጅስ? አክስቱ ፍራሹን ከጓዳ አውጥታ ከራሷ መኝታ አጠገብ አነጠፈችለት። ወራት አለፉ። አንድ ማታ ልጁ ራሱ ፍራሹን እየጎተተ ከአክስቱ ልጅ አጠገብ፣ ከአጎበሩ ሥር ወሰደው። ማንም አላዘዘውም፤ ቢጠራ እንደምትመጣለት ስላወቀ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) የየቲሞችን ሌሊት ሰላም ያድርግልን፤ የእናንተንም ድካም በመልካም ሥራ ሚዛን ላይ ያኑርላችሁ። አሚን።