ሶዲየም በሊቲየም ሲተካ፦ ስለ ዚዮላይት፣ ስለ ኦክስጅንና ስለ እርጥበት



በሆስፒታል ውስጥ ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ የሚያጉረመርመውን ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ስሙን ያልሰማ አልነበረም። መሣሪያው ኦክስጅን አይፈጥርም። ከአየር ውስጥ 78 በመቶ የሚሆነውን ናይትሮጅን ይዞ በማስቀረት፣ 21 በመቶ የሚሆነው ኦክስጅን ተለይቶ እንዲያልፍ ያደርጋል። ይህን የሚሠራው በሲሊንደሮቹ ውስጥ በጥቃቅን ፍሬዎች መልክ የታሸገው ዚዮላይት ነው። የዛሬው ንግግሬ ይህን ማዕድን በኬሚስትሪ እንዴት እንደምናሻሽለው፣ እንዲሁም ማሻሻያው ስለሚያስከፍለን ዋጋ ነው።

ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው አክሰል ክሮንስቴት ነበር፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1756 ነው። ማዕድኑን በእሳት ሲያግለው እንፋሎት እያወጣ ስለተንተከተከ፣ ከግሪክኛ ቃላት ወስዶ «የሚፈላ ድንጋይ» አለው። እንፋሎቱ በማዕድኑ ቀዳዳዎች ውስጥ ተይዞ የቆየ ውኃ ነበር። ይህን ውኃ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የዚዮላይት አጽም ከሲሊከን፣ ከአሉሚኒየምና ከኦክስጅን የተገነባ ነው። አሉሚኒየም በሲሊከን ቦታ በገባ ቁጥር በአጽሙ ላይ አንድ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይፈጠራል። ይህን ለማመዛዘን አንድ አዎንታዊ አዮን፣ ብዙውን ጊዜ ሶዲየም፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ይቀመጣል። አዮኑ የግድግዳው አካል ሳይሆን እንደ ተከራይ ነው። የሌላ አዮን ጨው በሟሟበት ውኃ ክሪስታሉን ደጋግመን ስናጥበው የቀድሞው ተከራይ ይወጣል፤ አዲሱ ይገባል፤ ቤቱ ግን አይፈርስም።

ይህ ለውጥ ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። አንደኛው የበሩን ስፋት መቀየር ነው። በዚዮላይት ኤ ውስጥ ሶዲየም ሲኖር የበሩ ስፋት 0.4 ናኖሜትር ያህል ነው። ትልቁ ፖታሲየም ሲተካው ወደ 0.3 ይጠባል። ካልሲየም ሲገባ ደግሞ አንዱ የሁለት ሶዲየሞችን ሙል ስለሚሸፍን፣ በር ላይ የሚቆመው አዮን ይቀንስና ስፋቱ ወደ 0.5 ይጠጋል። እዚህ ላይ ዚዮላይት እንደ ወንፊት ይሠራል ብንል አንሳሳትም።

ለኦክስጅን ግን ወንፊቱ ብዙም አይረዳንም። የኦክስጅን ሞለኪውል ስፋት 0.346፣ የናይትሮጅን 0.364 ናኖሜትር ነው። ለዚህ ሥራ የምንመርጠው ዚዮላይት ኤክስ ደግሞ በሩ 0.7 ናኖሜትር ስለሚያልፍ ሁለቱንም ያስገባል። ልዩነቱ የሚመጣው ከውስጥ ነው። በናይትሮጅን ሞለኪውል ላይ ሙሉ የተደላደለበት መንገድ ከኦክስጅን ይልቅ ለአዮኖች መስክ እንዲሳብ ያደርገዋል። ግፊት ሲጨምር ናይትሮጅን ተጣብቆ ይቀራል፤ ግፊት ሲቀንስ ይለቃል። መሣሪያው ሁለት ሲሊንደሮችን እያፈራረቀ ይህን በየጥቂት ሰኮንዱ ይደግማል። አርጎን ከኦክስጅን ጋር አብሮ ስለሚያልፍ የምናገኘው ንጽሕና 93 በመቶ አካባቢ ነው።

እንግዲህ ናይትሮጅንን አጥብቆ የሚስብ አዮን ከፈለግን፣ ትንሹንና መስኩ የበረታውን ሊቲየምን እንመርጣለን። ነገር ግን ግማሹን ሶዲየም በሊቲየም ብንተካ ግማሽ ጥቅም አናገኝም። የሲሊከኑና የአሉሚኒየሙ ብዛት እኩል በሆነበት ዚዮላይት ኤክስ፣ በአንድ የክሪስታል አሃድ ውስጥ 96 የሶዲየም አዮኖች አሉ። መጀመሪያ የሚገቡት 64 ሊቲየሞች በጓዳና በግድግዳው ኦክስጅኖች መካከል ተሸሽገው ስለሚቀመጡ ናይትሮጅን አያገኛቸውም። ሥራው የሚታየው የቀሩት 32 በሰፊው ክፍል መቀመጥ ሲጀምሩ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስተኛው ድካም ፍሬ አልባ ይመስላል፤ ሳይታለፍ ግን ወደ ፍሬው አይደረስም።

ይህን በወጣትነቴ በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ በእጄ ለመድገም ግን ሦስት ወር ፈጀብኝ። ልውውጡን ጨረስኩ፤ ናሙናውን በሙቀት አደረቅኩ፤ ስለካው ናይትሮጅን የመያዝ አቅሙ ከሶዲየሙ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት። ዘዴው አይሠራም ብዬ ለአማካሪዬ ጽፌ ነበር። አንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ ናሙናውን ሚዛን ላይ ትቼ ማስታወሻ ስጽፍ፣ ቁጥሩ ማንም ሳይነካው ቀስ በቀስ ከፍ ሲል አየሁ። ዱቄቱ ከክፍሉ አየር ውኃ እየጠጣ ነበር። ናይትሮጅንን የሚስበው ሊቲየም ውኃን ይበልጥ ይስባል፤ ውኃ የያዘው ቦታ ደግሞ ለናይትሮጅን አይለቀቅም። ስህተቱ የእኔ እንጂ የክሪስታሉ አልነበረም።

ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ ሆስፒታል ያው ነገር ገጠመኝ። ለረጅም ጊዜ ሳይሠሩ ዕቃ ቤት የተቀመጡ ኮንሰንትሬተሮች ተነሥተው ሲለኩ፣ የኦክስጅናቸው ንጽሕና የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ ብሎ ካስቀመጠው 82 በመቶ በታች ሆነ። መጭመቂያው ተበላሽቷል ተብሎ በብዙ ገንዘብ ተለወጠ፤ ለውጥ ግን አልመጣም። መጭመቂያው ደኅና ነበር። ዚዮላይቱ ረጥቦ ነበር። ድምፁ ያው፣ የሚነፍሰውም አየር ያው ስለሆነ፣ በመለኪያ ካልታየ በቀር ሕመምተኛው የሚተነፍሰው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። አየሩ በሳሳበት በደጋው አገራችን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ የምደርስበት አሳብ አንድ ነው። ክሪስታልን ለአንድ ጋዝ ይበልጥ እንዲስማማ ስናደርገው ለውኃም እንዳስማማነው እንጠርጥር። እ.ኤ.አ. በ2025 ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኙባቸው፣ ከብረት አዮኖችና ከካርቦናዊ ሞለኪውሎች የሚገነቡት አዳዲስ ባለ ቀዳዳ ክሪስታሎችም ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም። ከመካከላቸው በርካቶቹ በደረቅ ጋዝ አስደናቂ ውጤት አሳይተው በእርጥብ አየር ደክመዋል።

በአገራችን የቦምቦዋ ካኦሊን ወደ ዚዮላይት ኤ ሊለወጥ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ታይቷል፤ ጥሬ ዕቃው አለን ማለት ነው። ተማሪዎቼን የምለምነው ሁለት ነገር ነው። በምትጽፉት እያንዳንዱ ውጤት አጠገብ ናሙናው በምን ያህል ሙቀት እንደደረቀና ከአየር እንዴት እንደተጠበቀ መዝግቡ። ነገ በሆስፒታል የምትሠሩ ደግሞ ዕቃ ቤት የተቀመጠውን ኮንሰንትሬተር በየጊዜው አስነሡ፤ ወደ ሕመምተኛው ከመውሰዳችሁ በፊት ንጽሕናውን ለኩ።